ሁለተኛዋ ወረቀት

ጥቅምት 11

ለድንቡሼ አባት፣

እንደምን ከረማችሁ? እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፤ ከዚያ በላይ ብል ውሸት ይሆናል።

በቅድሚያ ይቅርታ። «በደረስኩ በሳምንቱ እጽፋለሁ» ብዬ ወጥቼ ይኸው ወር ሊሞላኝ ሦስት ቀን ቀረው። ሰነፈች እንዳትል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት የጨረስኳቸው ወረቀት ይዤ ከመስኮት መስኮት ስሰለፍ ነው። መታወቂያ ለማውጣት የመኖሪያ አድራሻ አምጪ ይሉኛል፤ መኖሪያ ለማግኘት ደግሞ መታወቂያ አምጪ። በመጨረሻ አንዲት የቢሮ ሴትዮ አዘነችልኝና በሁለቱም ላይ በአንድ ቀን ማኅተም መታችልኝ። እጇን ልስም ምንም አልቀረኝም ነበር።

ይቺ የምታነባት ሁለተኛዋ ወረቀት ናት። እንደተነጋገርነው የመጀመሪያዋን ለእናትህና ለልጄ ጮክ ብለህ አንብብላቸው። እሷ ላይ ከተማው ያምራል፣ ክፍሌ ይሞቃል፣ ምግቡም ተስማምቶኛል። ይቺን ግን ወርክሾፕ ወስደህ ብቻህን አንብባት። ልሄድ ስል እናትህ ያሉኝን አልረሳሁም። «የሦስት ዓመት ልጅ ጥሎ ትምህርት...» ብለው ጀመሩና ሳይጨርሱት ወደ ጓዳ ገቡ። ደከመኝ ብዬ ጽፌ እንዲጨርሱት ምክንያት መስጠት አልፈልግም።

በስልክ የጠየቅከኝን ልመልስ። ቤቱን የያዝነው ለሁለት ነው፣ መኝታ ለየብቻ። አብራኝ ያለችው የሕግ ተማሪ ናት፤ ልወልዳት ትንሽ ነው የቀረኝ። ወረቀት መለጠፍ ትወዳለች። የወተት ጠርሙሷ ላይ ስሟ፣ መደርደሪያዋ ላይ ስሟ፣ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ «እባክሽ ዝጊው»። በልቤ ለጣፊዋ እላታለሁ። ክፉ አይደለችም፤ ግን አንድ ቦታ ብዙ ከቆምኩ እኔም ላይ የምትለጥፍብኝ ይመስለኛል።

ትምህርት ቤት ለመድረስ ሁለት ባቡር እቀያይራለሁ። አዳራሹ ሦስት መቶ ሰው ይይዛል። እኔ ፊት ወንበር ላይ ነኝ፤ ኋላ ከሆንኩ መምህሩ የሚውጠውን ቃል አልሰማም። ቋንቋውን አውቃለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት። ለካ የማውቀው ተጽፎ ሲቀመጥ ነው፤ ሰው አፍ ውስጥ ሲሮጥ አልደርስበትም። አሥር ዓመት ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ የሠራሁት ሴትዮ ማይክሮስኮፕ እንዴት እንደሚያዝ እንደ አዲስ እየተነገረኝ ነው። አዎ አዎ እላለሁ።

የስልኩን ነገር አላነሳም ብዬ ነበር። ልጄ ድምፄን በሰማች ቁጥር ሁለት ቀን እህል እምቢ የምትል ከሆነ አልደውልም፤ ልክ ነህ። ግን እሑድ ሲመጣ እጄን የት እንደማደርገው አላውቅም። እስከዚያው የልጄን ነገር ሁሉ ጻፍልኝ። ትንሹንም።

የልጅህ እናት


ኅዳር 20

ለተማሪዋ፣

ሰላምታችን ካለሽበት ይድረስሽ። ሁላችንም ደህና ነን። እናቴም ጉልበቷን ስትራገም ትውላለች፤ እሷ ስትራገም ደህና ናት ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ።

ደብዳቤሽን እሑድ ከምሳ በኋላ አነበብኩላቸው። ፖስታው እናቴ ፊት ካልተከፈተ አይሆንም። «ታይቶ የመጣ ደብዳቤ አልሰማም» አለችኝ። ስለዚህ ፊቷ ከፈትኩና ከላይ ያለችውን እያነበብኩ ከሥር ያለችውን እጅጌዬ ውስጥ ሸጎጥኳት። በዚህ ዕድሜዬ በገዛ ቤቴ ሌባ አደረግሽኝ። ክፍልሽ እንደሚሞቅ ስትሰማ እናቴ «እንግዲያው መልካም» አለች። ከእሷ አፍ ይህ ብዙ ነው።

ድንቡሼን ድንቡሼ ማለት ሊቀር ነው። ረዝማለች፣ ጉንጯም ከሳ ብሏል። ከበር ጋር ተጋጭታ የፊት ጥርሷ ጫፉ ተሸርፏል፤ አትደንግጪ፣ የወተት ጥርስ ነው፣ መውለቁ አይቀርም። ጫማዋን ራሷ ታደርጋለች፣ ግራውን ቀኝ ላይ። ላስተካክልልሽ ስላት ትቆጣኛለች። ቅዳሜ ወርክሾፕ ይዣት ሄጄ አንድ የተጣለ የውሃ ቆጣሪ ሰጠኋት። መስታወቱን በምራቋና በቀሚሷ ስትወለውል ዋለች፤ አለቃዬ «ከአንተ ይልቅ እሷን ብንቀጥር» አለ።

ስለ እኔም ጠይቀሻል። ሥራው ያው ነው። ሰሞኑን ዋናው መስመር ተቆፍሮ አሸዋ ገብቶበታል፤ የሚመጣልኝ ቆጣሪ ሁሉ ጥርሱ ላይ አሸዋ ነክሶ የቆመ ነው። ባለቤቶቹ ሲቆም ምንም አይሉም፣ እኔ ጠርጌ ሳስኬደው ነው የሚከፉት።

እጄን የት ላድርገው ላልሽው፣ ኪስሽ ውስጥ አድርጊው፤ አገሩ ብርድ ነው። ለጊዜው አትደውዪ። ጊዜው ሲደርስ እኔው እነግርሻለሁ።

ባልሽ


ጥር 24

ለድንቡሼ አባት፣

እንደምን ሰነበታችሁ? አራት ደብዳቤህ ደርሶኛል፤ አንዱንም አልመለስኩም። ይቅርታ አድርግልኝ። ስቀመጥ የሚጻፍ ነገር አጥቼ ሳይሆን የሚጻፈውን ላለመጻፍ ነው የቆየሁት።

ፈተና ወደቅኩ።

እንዴት እንደሆነ ልንገርህ፣ ስትሰማው ትስቃለህ። ማይክሮስኮፕ ሥር የሚታይ ሃያ ስላይድ ሰጡን። ሃያውንም በትክክል አየሁ፤ ከክፍሉ ሁሉ ቀድሜ ነው የጨረስኩት። ቅጹ ላይ ያገኘሁትን ጻፍኩና አስረከብኩ። እኛ ሆስፒታል አንድ ነገር ካላገኘሁ ዝም ነው የምለው፤ ሐኪሙም ዝም ካልኩ እንደሌለ ያውቃል፤ አሥር ዓመት በዚህ ተግባብተናል። እዚህ ግን በእያንዳንዱ መስመር «ተፈልጎ ነበር፣ አልታየም» ተብሎ ካልተጻፈ ጭራሽ እንዳልተፈለገ ነው የሚቆጠረው። መምህሯ ጠርታኝ «ዓይንሽ ጥሩ ነው፤ ዝምታሽ ግን ውጤት አይደለም» አለችኝ። ክፋት አልነበራትም። ለዚህ ነው ይበልጥ ያመመኝ።

ሚያዝያ 18 እንደገና እፈተናለሁ። ያኔም ከወደቅኩ ይመልሱኛል። ወይም ከዚያ በፊት በራሴ ፈቃድ ትቼዋለሁ ካልኩ የመመለሻ ትኬት ይቆርጡልኛል። ከነዚህ ሌላ፣ ሁለቱ የትምህርት ዓመት ሳይሞላ ወደ ቤት የሚመጣ መንገድ የለም። ለዕረፍት እንኳ የለም፤ ጠይቄያለሁ።

ደክሞኛል። ተኝተው የሚነሱበት ዓይነት ድካም አይደለም። እዚህ አሥር ሰዓት ላይ ይጨልማል፤ ጠዋት ስወጣም ጨለማ ነው። ባለፈው ባቡር ውስጥ ቆሜ ልብስ የማጥብበት ተራዬ ማክሰኞ ይሁን ረቡዕ ማስታወስ አቃተኝና ለዚያ አለቀስኩ። ሰው ሁሉ ስልኩን ያያል፣ ማንም አላየኝም። ስለ ማክሰኞና ረቡዕ የሚያለቅስ ሰው ሆኛለሁ።

ሌላም ልንገርህ፣ ለማንም የማልለውን። እናትህን እፈራቸዋለሁ። ልጄን እንዳይወስዱብኝ እፈራለሁ። ክፉ ናቸው አልልም፤ ያጥቧታል፣ ያበሏታል፣ ያስተኟታል። ግን «ጥላሽ ሄደች» የሚል ቃል በየቀኑ ልጅ ጆሮ ውስጥ ከገባ ስመለስ የማገኘው የማንን ልጅ ነው?

ከአንተ የምፈልገው አንድ ቃል ነው። ነይ በለኝ። አንተ ካልከኝ በማግስቱ ሻንጣዬን እሸክፋለሁ። በራሴ ልለው ሞክሬ አቅቶኛል።

የልጅህ እናት


የካቲት 19

የልጄ እናት፣

ዛሬ ይቅርታው ከሰላምታው ይቀድማል።

ወረቀቶቹን ስታጥፊ ገልብጠሻቸዋል። ደክሞሽ እንደነበር ከዚያው ይታወቃል። እኔም እንደ ልማዴ እሑድ ከምሳ በኋላ እናቴ ፊት ከፍቼ ከላይ ያለችውን ጀመርኩ። «እንደምን ሰነበታችሁ» ትላለች፤ በምን ልለያት? «ፈተና ወደቅኩ» ላይ ስደርስ ነገሩ ገባኝ። ላቆም ስል እናቴ «ቀጥል» አለች። ልዝለል ብዬ ሞከርኩ። መዋሸት ላይ እንዴት እንደሆንኩ ታውቂያለሽ፤ ዘልዬ ያረፍኩት «እናትህን» የሚለው ቃል ላይ ነው።

«እናትህን ምን?» አለችኝ።

«ምንም» አልኳት።

«አንብብ እንጂ። ስለ እኔ የተጻፈ ከሆነ የእኔ ነው።»

አነበብኩላት። ምን ላድርግ፣ አነበብኩላት። እስከ «የማንን ልጅ ነው» ድረስ ሰማችኝና ሰሃኖቹን አነሳች። ሲታጠቡ ድምፅ አልሰማሁም። በማግስቱ ጠዋት ቦርሳዋን አንጠልጥላ እህቷ ዘንድ ሄደች። «ጉልበቴን ልታሽ ነው» አለች። እህቷ ማሸት አታውቅም።

ይኸው ሁለት ሳምንት ሊሆን ነው። ልጅቱን ጎረቤት እያስቀመጥኩ ነው ሥራ የምውለው። ምሳዋን እኔ ነኝ የማበስለው፤ ጎረቤታችን ሽታውን ሰምታ ሁለት ቀን ታገሠችኝና በሦስተኛው «ተወው፣ እኔ ጋ ትብላ» አለችኝ። ድንቡሼ ደህና ናት። ስለ እሷ በሌላ ቀን እጽፋለሁ።

ነይ በለኝ ላልሽኝ፣ እያሰብኩበት ነው። አትናደጂ። አንዷን ቃል ለመጻፍ አራት ወረቀት ቀድጃለሁ።

ባልሽ


መጋቢት 8

ለድንቡሼ አባት፣

ከእንግዲህ ሁለት ወረቀት የለም። የምጽፈው አንድ ነው፤ ማን ፊት እንደምትከፍተው የራስህ ጉዳይ ነው።

ይህን ለእናትህ ሄደህ አንብብላቸው፦ እማማ፣ ያልኩትን ብያለሁ፣ አልክድም። የጻፍኩት ግን ያደረጉትን አይቼ ሳይሆን የማላየውን ፈርቼ ነው። እርስዎ ያለቀስኩበትን ሳያዩ፣ እኔም የሚደክሙበትን ሳላይ ተፈራርደናል። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም። ጉልበትዎ እስኪሻለው አይጠብቁ፣ ይመለሱላት።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ደብዳቤዎችህን ሁሉ አልጋዬ ላይ ዘርግቼ ሥራዬን ሠራሁባቸው። አምስት ደብዳቤ ነው። ጥርሷ አለ፣ ጫማዋ አለ፣ ቁመቷ፣ ሳሏ፣ የወለወለችው ቆጣሪ አለ። አለቃህ ያለው ቀልድ ሳይቀር አለ። አንድ ነገር ብቻ የለም። «ስለ አንቺ ጠየቀች» የሚል የለም። አንድም ቦታ። ሁለት ጊዜ ነው ከላይ እስከ ታች የሄድኩት፤ ተፈልጎ ነበር፣ አልታየም።

ድሮ ቢሆን ዝም ካልክ ደህና ነው ብዬ አልፈው ነበር። አሁን ግን ተምሬያለሁ፤ ወድቄ ነው የተማርኩት። ስለዚህ ጻፈው። ትጠይቃለች ወይስ አትጠይቅም? ከሁለቱ አንዱን። ልታባብለኝ አትሞክር፣ ጉልበቱም የለኝም።

እፈተናለሁ ወይም እተዋለሁ ብዬ ለቢሮው እስከ ሚያዝያ አሥር መልስ መስጠት አለብኝ። ነይ የምትለዋን ቃል ለጊዜው ትቼልሃለሁ። ይህን ግን አልተውልህም።

የልጅህ እናት


መጋቢት 22

የልጄ እናት፣

አትጠይቅም።

መጀመሪያ ላይ ትጠይቅ ነበር። ከሥራ ትመለሺበት በነበረው ሰዓት፣ አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን፣ ወጥታ ደጃፉ ደረጃ ላይ ትቀመጣለች። ሰዓት አታነብ፣ ማንም አይነግራት፤ እንዴት እንደምታውቅ እስካሁን አልገባኝም። ዝናብ ሲሆን ላስቲክ ለብሳ ትቀመጣለች። እናቴ በዚያ ጉልበቷ ከጎኗ ቁጭ ትል ነበር። ግቢ አትላት፣ ትመጣለች አትላት፣ ዝም ብላ ትቀመጣለች። መጨለም ሲጀምር ተያይዘው ይገባሉ። ይህ ከሄድሽበት ቀን እስከ ታኅሣሥ ሃያ ሦስት ቆየ። ሦስት ወር ከዘጠኝ ቀን ነው።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ደረጃው ላይ እናቴ ብቻዋን ተቀምጣ አገኘኋት። ልጅቱ ውስጥ በሳጥን ትጫወታለች። «ሰዓቱ ደርሷል ብዬ ጠራኋት፣ አልመጣም አለችኝ» አለች እናቴ። ስታለቅስ ነበር፤ አባቴ ሲሞት ካየኋት ወዲህ እንዲህ ስትሆን አላየኋትም።

ከዚያ በኋላ «እማ» ማለት የጀመረችው እናቴን ነው። እናቴ ደግሞ በጠራቻት ቁጥር ታርማታለች። «እኔ አያትሽ ነኝ። እማሽ ትምህርት ላይ ናት» ትላትና ፎቶሽን ታወርድላታለች። ልጅቱ አይታ «እሺ» ትላለች፣ ከዚያ «እማ፣ ውሃ ስጪኝ» ትላለች። ይህን ሁሉ ጊዜ የፈራሻት ሴትዮ ፎቶሽን በየጠዋቱ የምትወለውል ናት። አልነገርኩሽም፤ ያ የእኔ ጥፋት ነው።

ስልኩንም የከለከልኩሽ ለዚህ ነው። መጀመሪያ ስለምታለቅስ ነበር፤ ኋላ ግን ስለማታለቅስ። ደውለሽ «ማን ናት?» ስትል እንድትሰሚ አልፈለግኩም። ስትጠይቅ አልጻፍኩልሽም፣ ጥለሽ እንዳትመጪ። ስትተውም አልጻፍኩልሽም፣ እንዳይሰብርሽ። እንዲህ እያልኩ ምንም የማይጽፍ ሰው ሆንኩ።

እናቴ እህቷ ዘንድ በሄደች በሦስተኛው ቀን ምን ሆነ መሰለሽ፣ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ልጅቱ ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ማንን ትጠብቂያለሽ አልኳት። «እማን» አለችኝ። አንቺን እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከወር በላይ አየኋትና ከዚያ በላይ አልቻልኩም። መልእክትሽ እንደደረሰኝ ይዤ ሄጄ ለእናቴ አነበብኩላት። እናቴ «ተፈራርደናል ትላለች?» አለች፤ ትንሽ አሰበችና ነጠላዋን አነሳች። አሁን ቤት ናት።

ነይ አልልሽም። ብትመጪ ያ ሦስት ወር ተመልሶ አይመጣም፤ ብትቆዪም አንድ ዓመት ይጨመርበታል። የቱ እንደሚሻል አላውቅም። ቆዪም አልልሽም። ቆዪ ብዬሽ አንድ ቀን ዓይኔን እያየሽ እንድትወቅሺኝ አልፈልግም። ፈሪ ነኝ፣ ስታገቢኝም ታውቂ ነበር።

ናፍቀሽኛል። ይህንንም በአምስቱ ደብዳቤ ውስጥ ብትፈልጊ እንደማታገኚው አሁን አየሁ።

ባልሽ


ግንቦት 14

ለሁላችሁም፣

እንደምን ናችሁ? ይቺን እንደ ልማዳችሁ እሑድ፣ እማማ ፊት ክፈታት።

ደብዳቤህ ሚያዝያ ሰባት ደረሰኝ። ሁለት ቀን ከክፍሌ አልወጣሁም። ለጣፊዋ ምን እንደሆንኩ አልጠየቀችኝም፤ ስትወጣ በራፌ ላይ ወረቀት ለጥፋ ሄደች፦ «ዳቦ ገዝቻለሁ። የሁለታችን ነው።» በሦስተኛው ቀን ተነስቼ ታጠብኩና ቢሮው ሄጄ እፈተናለሁ ብዬ ፈረምኩ።

ለምን ብለህ እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ። በጣም ተናድጄብህ ነበር። ነይ እንድትለኝ የፈለግኩት ነገሩን አንተ ላይ ልጥለው ነበር፤ አንተም ገብቶህ አልቀበልም አልክ። ከዚያ ተቀምጬ አሰብኩ። አሁን ብመጣ ለልጄ ስል መጣሁ እላለሁ፤ እሷ ግን አልጠራችኝም። ደክሞኝ መጥቼ ምክንያቱን እሷ ላይ ልለጥፍባት ነበር። ያንን አላደርግባትም። እንዲህ ብዬ ደግሞ ጎበዝ ሆንኩ እንዳትል፤ ስፈርም ሁለት ጊዜ ጀምሬ አቆምኩ፣ የቢሮዋ ሴትዮ እስክሪብቶው አልሠራ ያለኝ መስሏት ሌላ ሰጠችኝ።

አልፌያለሁ። ቅጹን ከላይ እስከ ታች ሞላሁት፤ ሰዓት አልቆ ወረቀቱን ከእጄ የተቀበሉኝ የመጨረሻዋ እኔ ነበርኩ። ደስታው ሲመጣ እጽፍልሃለሁ፣ እስካሁን አልመጣም። ድካሙ ግን እዚሁ ነው። አንድ ዓመት ይቀረኛል።

እማማ፣ የበደልኩዎትን በደብዳቤ ይቅር ይበሉኝ ማለት አያምርም፣ ስመጣ በእግሬ እጠይቅዎታለሁ። አሁን አንድ ነገር ልለምንዎት። «እማ» ስትልዎ አያርሟት። እርስዎም ደክሞዎታል፣ እሷም መታረም ሰልችቷታል። ትጥራዎት። ፎቶውንም ከወደዱ ብቻ ያውርዱት እንጂ ግዴታ አያድርጉት። እሷ የምትጠብቀው ሰው ሲጠራ አቤት የሚላት ይሁን።

በሚመጣው ዓመት ሐምሌ ስደርስ ደግሞ «እናትሽ ናት፣ ሳሚያት» ብላችሁ እንዳትገፏት። ከኋላችሁ ብትደበቅ ተዉአት። ማን ናት ብትል እንግዳ ናት በሏት፣ አልቀየምም። እኔ በየቀኑ አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን ደረጃው ላይ ወጥቼ እቀመጣለሁ። ሦስት ወር ከዘጠኝ ቀን ጠብቃኛለች፤ ከዚያ ቀድሜ አልነሳም።

የእናንተው